ክብደቱን ማን ሰጠው? ባለብዙ መስፈርት የውሳኔ ዘዴ በአካባቢና ማኅበራዊ ተጽዕኖ ግምገማ

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን አደራችሁ! ከክልልና ከዞን የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ አማካሪዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ጠዋት በዚህ ሰዓት ስለ ሒሳብ መስማት እንደማይቀል አውቃለሁ። ግን የማወራው ሒሳብ የሰው ቤትና የሰው ውሃ ያለበት ስለሆነ በትዕግሥት እንድትከታተሉኝ እለምናለሁ።

የተጽዕኖ ግምገማ ሰነዶቻችንን ገልጣችሁ አማራጮች የተነጻጸሩበትን ምዕራፍ እዩት። አንድ ሰንጠረዥ አለ። ከላይ የቦታዎቹ ስም፣ በጎን መስፈርቶቹ፣ መሐል ላይ ነጥቦቹ፣ ከታች ድምር። ትልቁ ድምር ደመቅ ተደርጎ ተጽፏል፤ ሥሩ ላይ «ስለዚህ ይህ ቦታ ተመርጧል» ይላል። እዚያው ሰንጠረዥ ውስጥ «ክብደት» የሚል፣ እያንዳንዱ መስፈርት ከሌሎቹ አንጻር ስንት እንደሚቆጠር የሚያሳይ አንድ ቀጭን ዓምድ አለ፦ 0.30፣ 0.50፣ 0.20። እኔ ሁልጊዜ የምጠይቀው ስለዚህች ቀጭን ዓምድ ነው። ክብደቱን ማን ሰጠው? መቼ ሰጠው? ምን ተብሎ ተጠይቆ ሰጠው? አብዛኞቹ ሰነዶች ለዚህ አንድ መስመር መልስ እንኳ የላቸውም።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ወደ ሚዛኑ ጨርሶ መግባት የሌለበት ነገር። ሁለተኛ፣ ክብደት እንዴትና በማን እንደሚሰጥ፤ እዚህ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን። ሦስተኛ፣ ውጤቱን ነካ አድርጎ ማየት፣ ይወድቃል ወይስ ይቆማል ብሎ መፈተሽ። ሁሉንም የማሳየው በአንድ ጉዳይ ነው፤ በደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ መረጣ።

ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻዋን ረጲ፣ ሁላችን ቆሼ የምንለው ቦታ ላይ ስትጥል ኖራለች። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ሥራ ጀመረ። ወራት ብቻ እንደ ሠራ የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ ሥራው ቆመ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተናደና ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ነፍሳቸውን ይማር። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እያልሁ አይደለም። የምለው ሌላ ነው። የነዋሪውን ሚዛን ያላገኘ ቦታ በምህንድስና የቱንም ያህል ቢዘጋጅ ሥራው ሊቆም ይችላል። ደግሞም «ምንም ባናደርግስ» የሚለው አማራጭ ጉዳት የሌለበት አማራጭ አይደለም። ሰንጠረዣችሁ ውስጥ «ፕሮጀክቱ ባይኖር» ለሚለው አማራጭ ዓምድ አለው? ከሌለው ሰንጠረዡ ጎዶሎ ነው። ዓምዱ ካለውም በዜሮ አትሙሉት። ዛሬ እየሆነ ያለውን፣ በነገው ዓመትም የሚብሰውን ጻፉበት።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ። ባለብዙ መስፈርት ዘዴ ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ነጥብን በክብደት አባዝቶ መደመርን ነው። መደመር አንድ ጠባይ አለው፦ ያካክሳል። በአንዱ መስፈርት የወደቀ ቦታ በሌላው ይነሣል። የመጓጓዣ ነዳጅን በግንባታ ወጪ ማካካስ ይቻላል፤ ሁለቱም ገንዘብ ናቸው። የመንደር የመጠጥ ውሃ ምንጭ መበከልን ግን በነዳጅ ቁጠባ ማካካስ ይቻላል? አይቻልም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ነገር ክብደት አይሰጠውም፤ ደጃፍ ላይ ይቆማል። መጀመሪያ የማጣሪያ ደረጃ አለ። ቦታው ረግረግ ከሆነ፣ ጎርፍ የሚተኛበት ከሆነ፣ ለመጠጥ ውሃ ምንጭ ራስጌ ከሆነ፣ የቀብር ወይም የአምልኮ ስፍራ ከያዘ፣ ጄት ከሚያርፍበት ማኮብኮቢያ 3 ኪሎ ሜትር ያልራቀ ከሆነ፣ ከውድድር ይወጣል። ይወጣል ማለት ዝቅተኛ ነጥብ ያገኛል ማለት አይደለም። ከሰንጠረዡ ይሰረዛል፣ የተሰረዘበትም ምክንያት በአንድ መስመር ይጻፋል። የማኮብኮቢያው ርቀት የመጣው ከወፎች ነው፤ ቆሻሻ አሞራ ይጠራል፣ አሞራ ሞተር ውስጥ ይገባል። በጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ የምትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የተከለከለውን ቦታ መጀመሪያ በ0 እና 1 ካርታ ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ፣ ክብደት ያለው ካርታ የሚሠራው በቀረው ላይ ብቻ ነው። ያንኑ ጥንቃቄ በማኅበራዊ ጉዳይ ላይም አድርጉ ነው የምለው።

ሕጋችንም ቢሆን የድምር ሒሳብን በጭፍን አያምንም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 አንድ ፕሮጀክት ጥቅምም ጉዳትም ኖሮት ጥቅሙ የሚበልጠው በጥቂቱ ብቻ ከሆነ፣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በጥንቃቄ አይቶ ከፍተኛ አሉታዊ ተጽዕኖ ሊያደርስ እንደሚችል አድርጎ እንዲወስደውና ግምገማ እንዲደረግበት እንዲወስን ያዛል። ልብ በሉ። ድምሩ ወደ ጥቅም ቢያዘነብልም ሕጉ «እለፍ» አይልም። «ቆም በል፣ መርምር» ነው የሚለው።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ክብደቱ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. የአካባቢ ፖሊሲ ሕጓን ሥራ ላይ ስታውል ባለሙያዎች እንዴት እንመዝን ብለው ተቸገሩ። በ1971 የሊዮፖልድ ማትሪክስ የሚባል ትልቅ ሰንጠረዥ መጣ። 100 ተግባራት በአንድ ወገን፣ 88 የአካባቢ ባሕርያት በሌላው፣ 8,800 ሳጥን። በየሳጥኑ ሁለት ቁጥር ይገባል፣ የተጽዕኖው መጠንና የጉዳዩ አስፈላጊነት። ቀጥሎ የባተል ዘዴ መጣ፤ 1,000 የክብደት ነጥብ ለ78 መለኪያዎች አከፋፈለ። ለሥነ ምህዳር 240፣ ለብክለት 402፣ ለውበት 153፣ ለሰው ጉዳይ 205። እዚህ ላይ ቆም እንበል። 402 ያለው ማነው? ባለሙያዎች። ዘዴው የተዘጋጀው ለውሃ ሀብት ፕሮጀክቶች ነበር፣ ነጥቦቹም አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው። የትኛውም ወንዝ ላይ ብትሄዱ ያው 402 ነው። ዛሬም አንዳንድ ሰነዶቻችን ከሌላ ፕሮጀክት የተቀዳ ክብደት ይዘው ሲመጡ ስህተቱ ይኸው ነው። ክብደት ከቦታው ጋር ነው የሚወለደው።

ለምን? በምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የወሰድኋቸው ናቸው። ከማጣሪያው ያለፉ ሦስት ቦታዎች አሉ እንበል፣ ሦስት መስፈርትም እንያዝ። ከከተማ ያለው ርቀት፣ የከርሰ ምድር ውሃ ጥልቀት፣ የሚነሡ አባወራዎች።

ቅርቡ፦ 12 ኪሎ ሜትር፣ ውሃው በ10 ሜትር፣ 15 አባወራ።
ኮረብታው፦ 24 ኪሎ ሜትር፣ ውሃው በ40 ሜትር፣ 90 አባወራ።
ሜዳው፦ 32 ኪሎ ሜትር፣ ውሃው በ25 ሜትር፣ 30 አባወራ።

ኪሎ ሜትር ከአባወራ ጋር ስለማይደመር በየመስፈርቱ ለክፉው ጫፍ 0፣ ለደጉ ጫፍ 1 ሰጥተን መካከሉን በልኩ እናስቀምጣለን። ቅርቡ በርቀት 1፣ በውሃ 0፣ በአባወራ 1 ያገኛል። ኮረብታው 0.4፣ 1 እና 0። ሜዳው 0፣ 0.5 እና 0.8።

እግረ መንገዴን ስለ ጥሬ መረጃው አንድ ነገር ልበል። የውሃውን ጥልቀት በግንቦት የለካ ቡድን የተሳሳተ ቁጥር ይዟል። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም መለካት አለበት፤ ለብክለት የሚያሰጋው ውሃው ወደ ላይ የቀረበበት ጊዜ ነው። የአባወራውም ቆጠራ እንደዚያው። የይዞታ ደብተር ያለውን ብቻ ከቆጠራችሁ እኩል አራሹን፣ ተከራዩን፣ በወል መሬቱ ከብት የሚያሰማራውን አልቆጠራችሁም። ቆሻሻ ላይ እየለቀመ የሚኖረውን ሰው ደግሞ ማንም አይቆጥረውም፤ ቦታ ሲዘጋ እንጀራው የሚዘጋው ግን የእሱ ነው።

ወደ ክብደቱ እንመለስ። የተለመደው ጥያቄ «ውሃ ነው ወይስ መጓጓዣ አስፈላጊ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ትርጉም የለውም። ማን ነው ውሃ አስፈላጊ አይደለም የሚል? ዋናው ጉዳይ የትኛው የውሃ ልዩነት ከየትኛው የርቀት ልዩነት ጋር ይመዘናል የሚለው ነው። በሦስቱ ቦታዎች መካከል የውሃው ጥልቀት ልዩነት 2 ሜትር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ውሃ የቱንም ያህል ክቡር ቢሆን ለዚህ ምርጫ ትልቅ ክብደት አይገባውም ነበር።

ስለዚህ የምመክረው አጠያየቅ የሚከተለው ነው። «በሦስቱም በክፉው ጫፍ ያለ ቦታ አስቡ፤ 32 ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ውሃው በ10 ሜትር የሚገኝ፣ 90 አባወራ የሚያስነሣ። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ወደ ደጉ ጫፍ ማሻገር ብትችሉ የቱን ታስቀድማላችሁ?» የተመረጠው 100 ነጥብ ያገኛል። ቀጥሎ «የሁለተኛው መሻገር ለእናንተ ከመጀመሪያው አንጻር ስንት ያወጣል?» ይባላል። መጨረሻ ላይ ነጥቦቹ ተደምረው እያንዳንዱ ለድምሩ ይካፈላል። ገጠር ላይ 100 የሚለው ቁጥር ካስቸገረ 20 ፍሬ ባቄላ ስጧቸው። ሦስት ሥዕል መሬት ላይ አስቀምጡ፣ መኪናና መንገድ፣ ጉድጓድ ውሃ፣ ቤት። «አባቴ፣ ባቄላውን እንደ ጭንቀትዎ መጠን ያከፋፍሉት» በሏቸው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ያድርግ፤ ውይይቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ መጀመሪያ የቀበሌው ሊቀ መንበር ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም «እሳቸው እንዳሉት» ይላል፣ የሰበሰባችሁትም የአንድ ሰው ክብደት ይሆናል። ሴቶችን ለብቻ ሰብስቡ። ውሃ የሚቀዳው ማነው? እሷ ስለ ጉድጓዱ የምትሰጠው ባቄላና ባሏ የሚሰጠው እኩል ላይሆን ይችላል።

ኤኤችፒ የምትጠቀሙ ብዙ ናችሁ፤ የቶማስ ሳቲ ዘዴ፣ መስፈርቶችን ሁለት ሁለት እያደረጉ ከ1 እስከ 9 ማነጻጸር። ጥሩ ዘዴ ነው፣ የሰውን መልስ እርስ በርስ ይፈትሻል። አንድ ሰው ውሃ ከመጓጓዣ 3 እጥፍ፣ መጓጓዣ ከመኖሪያ 2 እጥፍ ካለ፣ ውሃ ከመኖሪያ 6 እጥፍ ሊል ይገባ ነበር። 2 ብቻ ቢልስ? የወጥነት ሬሾው፣ መልሶቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጋጩ የሚለካው ቁጥር፣ 0.12 ገደማ ይወጣል፣ ከተፈቀደው 0.10 ያልፋል። ታዲያ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ቢሮ ቁጭ ብሎ 2 የምትለዋን ወደ 4 ይቀይራትና ሬሾው ያልፍለታል። ይህ ጥፋት ነው! የሰውዬውን ቃል ነው የቀየርነው። ተመልሳችሁ ጠይቁት። ምናልባት ስለ መኖሪያ የሰጠው መልስ ነው እውነተኛው፣ ስለ መጓጓዣ ሲጠየቅ ነው የተደናገረው። ደግሞም መስፈርቱ 10 ሲሆን ንጽጽሩ 45 ይሆናል። 45 ጥያቄ ለገበሬ ማቅረብ ድካም ነው፣ መልሱም ከ20ኛው በኋላ የታከተው ሰው መልስ ነው። ከ7 መስፈርት በላይ ከሆነ በቡድን በቡድን ከፋፍሉት፣ አለበለዚያ የባቄላውን መንገድ ያዙ።

የመስፈርት ብዛት ሲነሣ ድርብ ቆጠራን እናስታውስ። «ከመኖሪያ ያለ ርቀት»፣ «ሽታ»፣ «አቧራ» እና «ድምፅ» ብላችሁ አራት መስመር ከጻፋችሁ አንዱን ነገር አራት ጊዜ ቆጥራችኋል። አራቱም ከአንድ ርቀት የሚመነጩ ናቸው። «የማኅበረሰብ ተቀባይነት» የሚለውን መስፈርት ግን ጨርሶ አልወደውም። አማካሪው ራሱ ከ5 ላይ 3 ይሰጥና የሕዝቡ እምቢታ በነዳጅ ቁጠባ ይካካሳል። ተቀባይነት ከምክክር የሚገኝ ውጤት ነው፤ በመስፈርት መልክ ከነዳጅ ጎን መሰለፉ አግባብ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እናድርግ። ፕሮጀክቱን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ተጠይቀው ለውሃ 100፣ ለመጓጓዣ 60፣ ለመኖሪያ 40 ሰጡ እንበል። ለ200 ሲካፈል 0.5፣ 0.3፣ 0.2 ነው። ድምሩ፦ ኮረብታው 0.62፣ ቅርቡ 0.50፣ ሜዳው 0.41። ነዋሪዎቹ ደግሞ ከ20 ባቄላ 10 ለውሃ፣ 8 ለመኖሪያ፣ 2 ለመጓጓዣ አስቀመጡ። ድምሩ፦ ሜዳው 0.57፣ ኮረብታው 0.54፣ ቅርቡ 0.50።

አሁን ምን እናደርጋለን? የተለመደው አማካይ መውሰድ ነው። ውሃ 0.5፣ መኖሪያ 0.3፣ መጓጓዣ 0.2። ኮረብታው 0.58፣ ቅርቡ 0.50፣ ሜዳው 0.49። አያችሁ የሆነውን? የነዋሪዎቹ አንደኛ ምርጫ በአማካዩ መጨረሻ ሆነ። ሰነዱ ላይ ግን «የባለድርሻ አካላት ክብደት ተወስዷል» ተብሎ ይጻፋል። ውሸት አይደለም፣ ግን እውነቱን ሸፍኗል። የሚነሡት 90 አባወራዎች ባቄላቸውን ሰጥተው ድምፃቸው ጠፋ። እባካችሁ፣ እባካችሁ፣ የየቡድኑን ክብደትና የየቡድኑን ደረጃ ለየብቻ አቅርቡ። ለወሳኙ አካል የሚጠቅመው አለመግባባቱ የት ላይ እንዳለ ማወቁ ነው። እነሆ፣ ሁለቱም ወገኖች ለውሃ 0.5 ሰጥተዋል! በውሃ አልተጣሉም። የተጣሉት በመጓጓዣና በመኖሪያ ነው። ይህን ያወቀ ድርድር የት እንደሚጀምር ያውቃል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ ፍተሻው። ሁለት ፍተሻ ብቻ ላሳይ።

የመጀመሪያው፣ ክብደትን ማንቀሳቀስ። ከአማካዩ ላይ የመኖሪያን ክብደት ከ0.30 ወደ 0.36 አንሡ፣ የቀረውን 0.64 ለውሃና ለመጓጓዣ እንደ ቀድሞው 5 ለ 2 አካፍሉት። ቅርቡ 0.54፣ ኮረብታው 0.53 ይሆናሉ። አሸናፊው ተቀየረ! ያሸነፈውም ማነው? ውሃው በ10 ሜትር የሚገኘው፣ በውሃ 0 ያገኘው ቦታ። በ0.06 ለውጥ የተገለበጠ ውጤት ላይ «ተመርጧል» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ወደ አንደኛው ነጥብም ይመልሰናል። 10 ሜትር ለዚያ አፈርና ለዚያ ውሃ የማይበቃ ከሆነ ቅርቡ መጀመሪያውኑ በማጣሪያው መውጣት ነበረበት። ፍተሻው ያጣነውን ገደብ አሳየን። የሃይድሮጂኦሎጂ፣ ማለትም የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያውን ጠርታችሁ ዝቅተኛውን ጥልቀት ከአፈሩ ዓይነት ጋር አስወስኑ፣ ሒሳቡንም እንደገና ሥሩ።

ሁለተኛው፣ አማራጭ መጨመርና መቀነስ። አራተኛ ቦታ እንጨምር፣ መንደሩ እንበለው፦ 20 ኪሎ ሜትር፣ ውሃው በ20 ሜትር፣ 300 አባወራ። ማንም የማይመርጠው ቦታ ነው፤ በነዋሪዎቹ ክብደት 0.23 አግኝቶ መጨረሻ ይሆናል። ግን መግባቱ ብቻ ምን እንዳደረገ እዩ። የአባወራው ጫፍ ከ90 ወደ 300 ስለተለጠጠ የኮረብታው 90 አባወራ ከ0 ተነሥቶ 0.74 ሆነ። በዚያው በነዋሪዎቹ ክብደት ኮረብታው 0.83፣ ሜዳው 0.63። ተገለበጠ! ነዋሪው ሐሳቡን አልቀየረም፣ ቦታዎቹም አልተነቃነቁም። የማይረባ አማራጭ ሰንጠረዡ ውስጥ ስለተቀመጠ ብቻ 90 ቤት ማስነሣት ቀላል መሰለ። ሰነድ ስትገመግሙ «ለማሟያ» የገባ የሚመስል አማራጭ ካያችሁ አውጥታችሁ ሒሳቡን ድገሙት። መከላከያው ቀላል ነው። ጫፎቹን አማራጮቹ ከመታወቃቸው በፊት በስኮፒንግ ወቅት፣ ማለትም ግምገማው ምን ምን እንደሚያካትት በሚወሰንበት ጊዜ ወስኑ፣ ለምሳሌ ከ0 እስከ 100 አባወራ ብላችሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው በማጣሪያ ይወጣል። ጫፎቹ ከተቀየሩ ደግሞ ባቄላው እንደገና ይከፋፈላል፤ ክብደቱ የተሰጠው ለዚያ ልዩነት ነውና።

አንድ ነገር ጨምሬ ወደ ጥያቄ እንሄዳለን። ይህ ሁሉ ሒሳብ ከቀረቡት አንዱን ለመምረጥ ብቻ የሚያገለግል የሚመስለው አለ። እኔ የበለጠ የምወደው ጥቅሙ ሌላ ነው። ሜዳውን ተመልከቱት። በውሃም በመኖሪያም ደህና ነው፤ በመሥሪያ ቤቱ ሚዛን መጨረሻ ያደረገው ርቀቱ ብቻ ነው። ርቀትን ምን ያቃልለዋል? የቆሻሻ ማስተላለፊያ ጣቢያ። ትንንሾቹ መኪኖች ከተማው ዳር ያራግፋሉ፣ ታምቆ በትልቅ ተሳቢ ይሄዳል፣ ምልልሱ ይቀንሳል። የሜዳው የመጓጓዣ ሸክም እንደ 20 ኪሎ ሜትር ቢሆን በርቀት 0.6 ያገኛል። እንደገና ስንደምር፣ በነዋሪዎቹ ሚዛን ሜዳው 0.63፣ ኮረብታው እንደነበረው 0.54። በመሥሪያ ቤቱ ሚዛን ሜዳው ከ0.41 ወደ 0.59 ይወጣል፣ ኮረብታው 0.62 ላይ ነው። የ0.21 ልዩነት 0.03 ሆነ። ጣቢያው ራሱ መሬት ይፈልጋል፣ ሽታና ጎረቤት አለው፤ ስለዚህ ለእሱም የራሱ መስመር ተከፍቶ መገምገም አለበት። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ወገኖች በ0.03 ልዩነት ላይ ቁጭ ብለው ሲነጋገሩና በ0.21 ላይ ሲነጋገሩ አንድ አይደለም።

የኤክሴል ፋይሉን እዚህ ስክሪን ላይ ከፍቼዋለሁ። ክብደት የሚለው ዓምድ ባዶ ነው። ከፊት ረድፍ ያላችሁ ባቄላችሁን ንገሩኝ፣ አብረን እንሙላው፤ ጥያቄም ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።